ቁልፉ ኢሜጁ ውስጥ እንዳይቀር፦ የግል የኮድ ማከማቻና የኮንቴይነር ግንባታ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ ዕትም ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አራቱ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆነ አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ። ጉዳዩ የኮንቴይነር ኢሜጅ (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚይዝ ጥቅል) በሚገነባበት ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ካልሆነ ማከማቻ ኮድ ማውረድ ሲያስፈልግ የመግቢያው ቁልፍ እንዴት ይያዝ የሚል ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ በአዲስ አበባ በአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ የምሠራ ፕሮግራመር ነኝ። አገልግሎታችን የተጻፈው በጎ ቋንቋ ሲሆን፣ ቡድኖቻችን ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ በግል ማከማቻ ውስጥ ይገኛል። በየኮምፒውተራችን ላይ ኮዱ ያለ ችግር ይወርዳል፤ ዶከር በተባለው የኮንቴይነር መሣሪያ ኢሜጅ ስንገነባ ግን ፈቃድ የለም ተብሎ ይቆማል። አንድ ባልደረባዬ የኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር የመገናኛ ዘዴ) የግል ቁልፉን በ«ኮፒ» ትእዛዝ ወደ ኢሜጁ አስገብቶ ኮዱን ካወረደ በኋላ፣ በሚቀጥለው መስመር ቁልፉን አጠፋው። ግንባታው ከዚያ ወዲህ ይሠራል፤ እኔን ግን ነገሩ አላማረኝም። ቁልፉ በእርግጥ ጠፍቷል? ካልጠፋስ ትክክለኛው አሠራር የትኛው ነው?

መልስ፦ ቁልፉ አልጠፋም። ጥርጣሬዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱንም በዝርዝር ማየት ይገባል፣ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ይኸው ስሕተት በሌላ መልክ ሲመጣም ይለየዋልና።

የዶከር ኢሜጅ የተሠራው ተራ በተራ ከተደራረቡ ንብርብሮች ነው። በዶከርፋይሉ (የግንባታው ትእዛዞች በሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የ«ኮፒ»፣ የ«አድ» እና የ«ራን» ትእዛዝ ከእርሱ በፊት በነበረው ላይ አንድ አዲስ ንብርብር ያኖራል፤ አንዴ የተቀመጠ ንብርብርም ከዚያ በኋላ አይለወጥም። ኋላ የመጣ ትእዛዝ አንድን ፋይል «አጠፋ» ሲባል፣ በላይኛው ንብርብር ላይ ይህ ፋይል ከእንግዲህ እንዳይታይ የሚል ምልክት ጻፈ ማለት ብቻ ነው። ከኢሜጁ የሚፈጠረው ኮንቴይነር ሥራ ሲጀምር ፋይሉ አይታይም፤ በታችኛው ንብርብር ውስጥ ግን እንዳለ ተቀምጧል። ኢሜጁ ወደ ሬጂስትሪ (ኢሜጆች ተቀምጠው ወደሚወርዱበት ሰርቨር) ሲላክ ይህ ንብርብር አብሮ ይላካል፤ ስለዚህ ኢሜጁን ማውረድ የቻለ ማንኛውም ሰው «ዶከር ሴቭ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ታር ፋይል ለውጦ፣ ንብርብሮቹን አንድ በአንድ ፈትቶ የባልደረባዎን ቁልፍ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ለማድረግ ልዩ ሙያ አያስፈልግም። እርስዎ ራስዎ በድርጅትዎ ኢሜጅ ላይ ሞክረው ውጤቱን ለባልደረባዎ ቢያሳዩት፣ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያሳምናቸዋል።

የቁልፍ ፋይሉን ትተው በቶከን (እንደ ይለፍ ቃል በሚያገለግል ረጅም ጽሑፍ) የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቶከኑን በ«አርግ» በኩል ያስተላልፋሉ። «አርግ» ለግንባታ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ተለዋዋጭ ስለሆነ አስተማማኝ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የ«ራን» ትእዛዝ ሲፈጸም በሥራ ላይ የነበረው የ«አርግ» ዋጋ በኢሜጁ ታሪክ ውስጥ ይመዘገባል፤ «ዶከር ሂስትሪ» ብሎ የጠየቀ ሰውም ያነበዋል። «ኤንቭ» ከዚህም የከፋ ነው፤ ዋጋው በኢሜጁ ውቅር ውስጥ ተጽፎ፣ ከዚያ ኢሜጅ በሚነሣ በእያንዳንዱ ኮንቴይነር ውስጥ ይገኛል። አዳዲሶቹ የዶከር እትሞች ስሙ ምስጢር የሚመስል ተለዋዋጭ በእነዚህ ትእዛዞች ውስጥ ሲያገኙ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ግንባታውን ስለማያስቆመው ሳይነበብ ይታለፋል።

ቶከኑን በጊት (ኮድ የሚያወርድና ለውጦቹን የሚመዘግብ ፕሮግራም) አድራሻ ውስጥ ሰክቶ ኮዱን ማውረድም እንዲሁ ነው። ጊት ያወረደበትን አድራሻ ከነቶከኑ በማከማቻው የ«ጊት» ማውጫ ውስጥ፣ «ኮንፊግ» በሚባለው ፋይል ላይ ይጽፈዋል። አድራሻዎችን እንዲተካ ለጊት በአጠቃላይ ውቅሩ ላይ የሚሰጠው ትእዛዝ ቶከን ከያዘም፣ ቶከኑ በተጠቃሚው ቤት ማውጫ ውስጥ ባለው የጊት ውቅር ፋይል ላይ ይቀራል። ሁለቱም ፋይሎች የንብርብሩ አካል ይሆናሉ።

«በደረጃ የተከፋፈለ ግንባታ ብንጠቀምስ?» የሚል ሐሳብ እዚህ ላይ መምጣቱ አይቀርም። በ2017 ከወጣው የዶከር 17.05 እትም ወዲህ በአንደኛው ደረጃ ኮዱን አውርዶና አጠናቅሮ፣ ወደ መጨረሻው ደረጃ የተጠናቀረውን ፕሮግራም ብቻ መቅዳት ይቻላል። የጎ ፕሮግራም አንድ ፋይል ሆኖ ስለሚወጣ አሠራሩ ለእናንተ ይስማማል፤ ኢሜጁንም ያሳንሳል፤ ስለዚህ ተጠቀሙበት። ለቁልፍ ጥበቃ ግን በእርሱ ብቻ አትደገፉ። የመጀመሪያው ደረጃ ንብርብሮች በግንባታ ማሽኑ ካሽ (ለሚቀጥለው ግንባታ በሚቀመጥ የቀድሞ ውጤት) ውስጥ ይቀራሉ፤ ካሹ ሁሉንም ደረጃዎች እንዲይዝ ተደርጎ ወደ ሬጂስትሪ የሚላክ ከሆነ ቁልፉ ከካሹ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከኢሜጁ ጋር የሚያያዘው የግንባታ ምንጭ ማረጋገጫ በሙሉ ዝርዝር እንዲወጣ ከታዘዘም፣ የ«አርግ» ዋጋዎች እዚያ ላይ ተዘርዝረው ይታያሉ። ካሹን ማን እንደሚያነበውና ማረጋገጫው ምን ያህል ዝርዝር እንደሚይዝ ዶከርፋይሉን የጻፈው ሰው ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ እነዚህን የሚወስነው የግንባታ መስመሩን ያዘጋጀው ሌላ ባለሙያ ነው።

ስጋቱ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በጀርመን የአኸን ከተማ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ባቀረቡት ጥናት የዶከር ሬጂስትሪ ከሆነው ከዶከር ሃብና ከሌሎች 8,076 ሬጂስትሪዎች የተሰበሰቡ 337,171 ኢሜጆችን መርምረው፣ ከመቶ 8.5 በሚሆኑት ውስጥ ሊወጣ የማይገባው ምስጢር አግኝተዋል፤ ከተገኙት ውስጥ 52,107ቱ የግል ቁልፎች ነበሩ።

አንድ ቁልፍ ብቻ ሲወጣ ጥፋቱ እስከ ምን እንደሚደርስ ለማየት ደግሞ በ2021 ኮድኮቭ ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ኮድኮቭ የፕሮግራም ፈተናዎች ምን ያህሉን ኮድ እንደሚሸፍኑ የሚለካ አገልግሎት ነው። ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው፣ አጥቂው በዶከር ኢሜጅ አሠራራቸው ላይ በነበረ ስሕተት ምክንያት አንድ የመግቢያ ምስጢር ማውጣት ቻለ፤ በዚያም ምስጢር ደንበኞች በየግንባታቸው አውርደው የሚያስኬዱትን የባሽ ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ለወጠ። የተለወጠው ስክሪፕት በደንበኞቹ የግንባታ ሥርዓት ውስጥ ያገኛቸውን ቶከኖችና ቁልፎች ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ድርጊቱ የጀመረው በጃንዋሪ 31 ሲሆን እስከ ኤፕሪል 1 ድረስ አልታወቀም፤ የታወቀውም አንድ ደንበኛ ያወረደውን ስክሪፕት የሐሽ አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ጊትሃብ ላይ ከተለጠፈው ጋር አነጻጽሮ የማይገጥም ሆኖ ስላገኘው ነው። ከተጎዱት መካከል የነበረው ሃሺኮርፕ የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ የፕሮግራሞቹን እትሞች የሚያረጋግጥበትን የመፈረሚያ ቁልፍ ሰርዞ በሌላ ለመተካት ተገዷል። ያ ደንበኛ ያደረገውን ማነጻጸር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ የምናደርገው ግን ጥቂቶች ነን።

አሁን ወደ ትክክለኛው አሠራር ልምጣ። የዶከር አዲሱ የግንባታ ሞተር ቢልድኪት ይባላል። በ2018 መጨረሻ በወጣው 18.09 እትም ውስጥ በፈቃድ የሚበራ ሆኖ ገባ፤ በ2023 መጀመሪያ ከወጣው 23.0 እትም ጀምሮ ደግሞ በሊኑክስ ላይ ሳይጠየቅ የሚሠራው እርሱ ነው። ቢልድኪት አንድን ምስጢር ለአንድ የ«ራን» ትእዛዝ ብቻ አውሶ፣ ትእዛዙ ሲያልቅ መልሶ መውሰድ ይችላል። ለዚህ የሚያገለግሉት ሁለት ዓይነት «ማውንቶች» ናቸው፤ አንዱ ለኤስኤስኤች፣ ሌላው «ሲክሬት» ለሚባል ማንኛውም የምስጢር ፋይል።

በእናንተ ሁኔታ፣ ሠራተኞቹ ወትሮውንም በኤስኤስኤች ስለሚሠሩ፣ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የኤስኤስኤች ኤጀንት የግል ቁልፉን በማሽኑ ማህደረ ትውስታ ይዞ የሚቀመጥ፣ ሲጠየቅም ፊርማ ብቻ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። በግንባታው ትእዛዝ ላይ የኤስኤስኤች አማራጭ «ዲፎልት» ከሚል ቃል ጋር ሲታከልበት፣ በዶከርፋይሉም ውስጥ ኮዱን በሚያወርደው «ራን» ላይ ዓይነቱ ኤስኤስኤች የሆነ ማውንት ሲጻፍ፣ ወደ ግንባታው የሚገባው ወደ ኤጀንቱ የሚያደርሰው ሶኬት (የመገናኛ በር) ብቻ ነው። ጊት ወደ ጊትሃብ ሲገናኝ የማንነት ማረጋገጫውን ፊርማ በሶኬቱ በኩል ይጠይቃል፤ ኤጀንቱም ውጭ ሆኖ ይፈርማል። የግል ቁልፉ ከእርስዎ ማሽን ፈጽሞ አይወጣም፤ ትእዛዙ ሲያልቅ ሶኬቱ ይነሣል፤ በንብርብሩም ላይ የሚቀረው የወረደው ኮድ ብቻ ነው።

አሠራሩን ስትተክሉ የሚያጋጥሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። መነሻ የምታደርጉት ኢሜጅ ጊትንና የኤስኤስኤች ደንበኛ ፕሮግራምን መያዝ አለበት፤ ትንንሾቹ ኢሜጆች ብዙ ጊዜ አይኖሯቸውም። የዶከርፋይሉን የአጻጻፍ እትም የሚወስነው መስመር በፋይሉ አናት ላይ ይቀመጥ፤ አለዚያ የቆየ ማሽን ማውንቱን ላያውቀው ይችላል። ጎ የሕዝብ ላልሆኑ ሞጁሎች ወደ ጉግል የሞጁል ፕሮክሲና ወደ ሕዝባዊው የአሻራ መዝገብ እንዳይሄድ «ጎፕራይቬት» የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ በድርጅታችሁ የጊትሃብ አድራሻ መሙላት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ማውረዱ ከመክሸፉም ሌላ የግል ሞጁሎቻችሁ ስም ወደ ውጭ ይላካል። ተለዋዋጩ በ2019 ከወጣው ጎ 1.13 ጀምሮ አለ። በመጨረሻም ጎ በኤችቲቲፒኤስ የሚጠይቀውን አድራሻ ወደ ኤስኤስኤች እንዲቀይር ለጊት ይነገረዋል፤ ይህ የአድራሻ ለውጥ ምንም ምስጢር ስለማይዝ በኢሜጁ ውስጥ ቢቀርም ጉዳት የለውም።

የሰርቨሩ ማንነት ግን የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ኤስኤስኤች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኘውን ሰርቨር የሕዝብ ቁልፍ ያምነው እንደሆነ ሰውን ይጠይቃል፤ በግንባታ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም፤ ስለዚህ ግንባታው ይቆማል። ብዙዎች ይህን ያለፉት ማረጋገጫውን ጨርሶ በመዝጋት፣ ወይም በእያንዳንዱ ግንባታ «ኪይስካን» በተባለው ትእዛዝ የሰርቨሩን ቁልፍ ከዚያው ከመረቡ ወስደው በማመን ነው። ሁለቱም መሐል ላይ የገባ አጥቂ የራሱን ኮድ የእናንተ አስመስሎ እንዲያቀርብ በር ይከፍታሉ። ጊትሃብ የሰርቨሮቹን የሕዝብ ቁልፎችና አሻራቸውን በይፋ ሰነዶቹ ላይ ያወጣል፤ እነርሱን አንድ ጊዜ አመሳክራችሁ፣ «ኖውን ሆስትስ» ለሚባለው ፋይል በሚስማማ መልክ ከፕሮጀክታችሁ ጋር አስቀምጡና በ«ኮፒ» አስገቧቸው። የሕዝብ ቁልፎች ስለሆኑ ቢታዩ ምንም አይደለም። ቁልፎቹ ሊለወጡ እንደሚችሉም አስቡ፤ በማርች 24 ቀን 2023 ጊትሃብ የአርኤስኤ የግል ቁልፉ ለአጭር ጊዜ በአንድ ክፍት ማከማቻ ውስጥ ታይቶ ስለነበር በሌላ ተክቶታል፤ በዚያ ዕለት የቆየውን ቁልፍ መዝግበው የነበሩ ግንባታዎች ማስጠንቀቂያ እያወጡ ቆመዋል። እንዲህ ያለው መቆም ሥርዓቱ ሥራውን መሥራቱን ያሳያል፤ ተገቢው ምላሽም አዲሱን አሻራ ከይፋ ምንጭ አመሳክሮ ፋይሉን ማደስ ነው።

በቶከን መሥራት ግድ በሚሆንበት ቦታ ሲክሬት ማውንቱን ተጠቀሙ። ምስጢሩ በማህደረ ትውስታ ላይ ብቻ ያለ ፋይል ሆኖ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር በ«ራን» ማውጫ ሥር ባለው «ሲክሬትስ» ማውጫ ውስጥ ለዚያች ትእዛዝ ይቀርባል፤ ወደ ንብርብሩም ወደ ታሪኩም አይገባም። ፋይሉን ማንበብ የሚችለው ሥር ተጠቃሚው (ሙሉ ሥልጣን ያለው) ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ተጠቃሚ ከተቀየረ ማንነቱን በማውንቱ ላይ መግለጽ ያስፈልጋል። ምስጢሩ ሳይሰጥ ቢቀር ግንባታው በዝምታ እንዳይቀጥል ማውንቱን ግዴታ የሚያደርግ ምልክት አለ፤ ሁልጊዜ ይጻፍ። ትእዛዙ ራሱ ቶከኑን አንብቦ ወደ ሌላ ፋይል ከጻፈው ግን ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ማውንቱ የሚከላከለው ራሱ ያቀረበውን ፋይል ብቻ ነው፤ ቅጂውን አያውቀውም።

ጥያቄ፦ የምሠራው በቨርጂኒያ ነው፤ ኢሜጆቻችንን የምንገነባው ግንባታን በራሱ በሚያካሂደው የጊትሃብ አገልግሎት፣ በጊትሃብ አክሽንስ ነው። በእጅ ስንገነባ በኤጀንት ይሠራል፤ በአክሽንስ ላይ ግን ሥርዓቱ ራሱ የሚሰጠው ቶከን ሁለተኛውን የግል ማከማቻችንን ሊከፍትልን አልቻለም። ለጊዜው የቡድን መሪያችን የግል ቶከናቸውን ሰጥተውናል። ይህ ተገቢ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። የአንድ ሰው የቆየው ዓይነት የግል ቶከን ያ ሰው የሚደርስባቸውን ማከማቻዎች በሙሉ ሊከፍት ይችላል፤ የቡድን መሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ሁሉም ነገር ይደርሳል። ሰውየው ሥራ በለቀቁ ዕለት ደግሞ ግንባታው ሁሉ ይቆማል፤ ወይም፣ ከዚህ በባሰ ሁኔታ፣ እንዳይቆም ተብሎ አካውንታቸው ሳይዘጋ ይቀራል።

አክሽንስ የሚሰጠው ቶከን ሥራው የሚካሄድበትን አንድ ማከማቻ ብቻ እንዲከፍት ሆኖ የተሠራ ነው፤ ያጋጠማችሁ እክልም ከዚህ የመጣ ነው። የምትፈልጉት አንድ ተጨማሪ ማከማቻ ከሆነ፣ ለዚያ ማከማቻ ብቻ የሚያገለግልና ማንበብ ብቻ የሚችል «ዲፕሎይ ኪይ» አውጥታችሁ በኤስኤስኤች ማውንት መጠቀም ቀላሉ መንገድ ነው። ማከማቻዎቹ ብዙ ከሆኑ ግን ይህ መንገድ ያስቸግራል። ጊትሃብ አንዱን ዲፕሎይ ኪይ በሁለት ማከማቻዎች ላይ ማስመዝገብ አይፈቅድም፤ ብዙ ቁልፎች በአንድ ኤጀንት ውስጥ ሲቀመጡ ደግሞ ሰርቨሩ በመጀመሪያ የቀረበለትን የሚያውቀውን ቁልፍ ይቀበልና፣ ቁልፉ የሌላ ማከማቻ ሆኖ ሲገኝ ማከማቻው የለም ብሎ ይመልሳል። መልእክቱ ስለሚያሳስት ሰዎች አድራሻውን ሲመረምሩ ብዙ ጊዜ ያባክናሉ።

ለብዙ ማከማቻዎች እኔ የምመክረው ድርጅታችሁ የራሱን «ጊትሃብ አፕ» አቋቁሞ፣ አስፈላጊዎቹን ማከማቻዎች ብቻ እንዲያነብ ፈቅዶለት፣ እያንዳንዱ ግንባታ ከእርሱ ቶከን እንዲቀበል ማድረግ ነው። ያ ቶከን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞታል፤ ቢያመልጥ እንኳ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አጭር ነው። በ2022 የመጡት በዝርዝር የሚወሰኑ የግል ቶከኖች ማከማቻውን፣ ፈቃዱንና የሚያበቁበትን ቀን መወሰን ስለሚያስችሉ ከቆዩት ይሻላሉ፤ ቢሆንም ከአንድ ሰው አካውንት ጋር የታሰሩ ናቸው። በጊትላብ የሚሠሩ አንባቢያን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጠውንና ሥራው ሲያበቃ የሚሞተውን ቶከን መጠቀም ይችላሉ፤ የሚፈለገው ማከማቻ የእናንተን ፕሮጀክት በተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ብቻ ይጠበቅበታል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቡድኖች በግንባታው ውስጥ ኮድ ማውረድ ጨርሶ አያስፈልጋቸውም። አክሽንሱ ሁለቱንም ማከማቻዎች ከዶከር ውጭ አውርዶ ጎን ለጎን ሊያስቀምጣቸው ይችላል፤ ዶከርፋይሉም በ«ኮፒ» ያስገባቸዋል፤ ቁልፉ ወደ ግንባታው የሚገባበት ምክንያት አይኖርም። የምትጠነቀቁት በ«ጊት» ማውጫ ላይ ነው። ኮዱን የሚያወርደው የአክሽንስ ደረጃ ለረጅም ጊዜ ቶከኑን በዚያ ማውጫ ውቅር ውስጥ ሲያስቀምጥ ስለነበር፣ ማውጫውን በሙሉ የሚቀዳ ትእዛዝ ቶከኑንም ይዞ ይገባል። ስለዚህ የ«ጊት» ማውጫ ወደ ግንባታው የማይገቡ ነገሮች በሚዘረዘሩበት በ«ዶከርኢግኖር» ፋይል ውስጥ ይጻፍ፤ ቶከኑን አትርፎ የሚያስቀምጠውም አማራጭ ይዘጋ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሲክሬት ማውንት ምስጢሩን ኢሜጁ ውስጥ እንደማያስቀር ተረድቻለሁ። ነገር ግን በዚያችው ትእዛዝ ውስጥ የሚጫን አንድ ተንኮለኛ ፓኬጅ ምስጢሩን አንብቦ ወደ ውጭ ቢልከውስ?

መልስ፦ ይህን በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ባለሙያዎች ማውንቱን ከተከሉ በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋልና። አዎ፣ ሊያነበው ይችላል። ማውንቱ ምስጢሩን ለትእዛዟ ሲያውስ፣ በትእዛዟ ውስጥ ለሚሮጥ ኮድ ሁሉ ማዋሱ ነው። የኤስኤስኤች ኤጀንትም ከዚህ አያመልጥም። ተንኮለኛው ኮድ ቁልፉን መስረቅ ባይችልም፣ ሶኬቱ እስካለ ድረስ ኤጀንቱ በያዛቸው ቁልፎች ሁሉ እንዲፈረምለት ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚያው ኤጀንት ውስጥ የምርት ሰርቨሮች ቁልፍ ካለም ወደዚያ ይደርሳል። ስለዚህ ለግንባታ አንድ ቁልፍ ብቻ የያዘ የተለየ ኤጀንት ማዘጋጀት፣ ወይም የቁልፉን ፋይል ለዶከር የኤስኤስኤች አማራጭ በቀጥታ መስጠት ይገባል።

ዋናው መከላከያ ማውረድንና ማስኬድን በተለያዩ ትእዛዞች መክፈል ነው። ቁልፉ የሚሰጠው ለሚያወርደው ትእዛዝ ብቻ ይሁን፤ ያ ትእዛዝ ደግሞ የወረደውን ኮድ አያስኪድ። ይህ በምን ያህል ቀላልነት እንደሚሠራ በቋንቋው ይወሰናል። በጎ ቀላል ነው፤ «ጎ ሞድ ዳውንሎድ» ሞጁሎቹን ያወርዳል እንጂ ከውስጣቸው ምንም አያስኬድም፤ ስለዚህ ቁልፉን ለእርሱ ሰጥቶ፣ ማጠናቀሩን በሚቀጥለው ትእዛዝ ያለ ቁልፍ ማድረግ ነው። የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች መጫኛ የሆነው ኤንፒኤም ግን ፓኬጆች በሚጫኑበት ጊዜ ስክሪፕቶቻቸውን እንዲያስኬዱ ስለሚፈቅድ፣ መጫኑ ስክሪፕቶቹን በሚከለክለው አማራጭ ከቁልፍ ጋር ይካሄዳል፤ የግድ የሚያስፈልጉት ስክሪፕቶች ካሉ ቁልፉ ከተነሣ በኋላ በሌላ ትእዛዝ ይሮጣሉ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ፓይተን ነው። የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው ፒፕ ገና ያልተጠናቀረ የምንጭ ጥቅል ሲያገኝ፣ ማውረድ ብቻ ቢታዘዝ እንኳ፣ ጥቅሉ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ሲል ከውስጡ ያለውን የማዘጋጃ ኮድ ሊያስኬድ ይችላል። ስለዚህ ለፓይተን የግሉን ማከማቻ በመጀመሪያ በራሱ በጊት ማውረድን እመርጣለሁ። ጊት አንድን ማከማቻ ሲያወርድ ከማከማቻው የመጣ ስክሪፕት አያስኬድም። በአንድ «ራን» ከቁልፉ ጋር ጊት ያወርዳል፤ በሚቀጥለው «ራን» ቁልፉ ሳይኖር ፒፕ ከወረደው ማውጫ ይጭናል። የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ፣ አስፈላጊው ሁሉ ከወረደ በኋላ የማጠናቀሩን ትእዛዝ ቢልድኪት በሚሰጠው አማራጭ ከመረቡ ጨርሶ መለየት ይችላል፤ ያን ጊዜ ተንኮለኛ ኮድ ቢኖር እንኳ ያገኘውን የሚልክበት መንገድ አይኖረውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ይወቁ። የምስጢሩ ዋጋ በካሽ ስሌት ውስጥ አይገባም። ይህ ጥሩ ነው፤ ቶከኑ በየግንባታው ቢለወጥ እንኳ ካሹ አይፈርስም። በአንጻሩ ግን በማከማቻው ላይ አዲስ ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) መግባቱን ቢልድኪት በ«ራን» ውስጥ ካለ የጊት ትእዛዝ ሊያውቅ አይችልም፤ የትእዛዙ ጽሑፍ እስካልተለወጠ ድረስ የቆየውን ኮድ ከካሹ እያወጣ ያቀርባል። ስለዚህ የቅርንጫፍ ስም ከመጻፍ ይልቅ የኮሚቱን ሙሉ ሐሽ በ«አርግ» አስተላልፎ በዚያው ማውረድ ይሻላል። ሐሹ ምስጢር ስላልሆነ «አርግ» ተገቢ ቦታው ነው፤ ሲለወጥም ካሹ በትክክል ይታደሳል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከዱባይ ነው። ቁልፍ የያዘ ኢሜጅ በስሕተት በዶከር ሃብ ላይ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቆይቶ ዛሬ ደረስንበት። ወዲያው ከሬጂስትሪው ሰርዘነዋል። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅብናል?

መልስ፦ ኢሜጁን መሰረዛችሁ ተገቢ ነው፤ ቁልፉን ግን ከተወሰደ ቁጥር ቁጠሩት። ክፍት ሬጂስትሪዎችን በፕሮግራም እየፈተሹ ምስጢር የሚለቅሙ ሰዎች አሉ፤ ኢሜጁን ቀድሞ ያወረደ ሰው ቅጂው በእጁ ነው። ስለዚህ ከሌላ ሥራ ሁሉ በፊት ቁልፉን ወይም ቶከኑን ካወጣችሁበት ቦታ ላይ ሰርዙት፤ አዲስ የምታወጡት ከዚያ በኋላ ነው። አገልግሎት እንዳይቋረጥ ብላችሁ መሰረዙን ለነገ አታሳድሩት።

ቀጥሎ ያ ቁልፍ ምን ምን ይከፍት እንደነበር ጻፉ፤ ከእነዚያ ማከማቻዎች ኮድ መውረዱን ወይም መለወጡን ከጊትሃብ የክንውን መዝገብ ላይ፣ ኢሜጁ ክፍት ከሆነበት ቀን ጀምሮ ተመልከቱ። ቁልፉ መጻፍም ይችል ከነበረ ኮሚቶቹን ራሳቸውን መርምሩ። በግል ማከማቻዎቹ ውስጥ የተቀመጡ ሌሎች የይለፍ ቃሎች ካሉ እነርሱም ታይተዋል ብላችሁ አስቡና ለውጧቸው። በዚያው ዶከርፋይል የተገነቡ የቀድሞ እትሞችና የግንባታ ማሽኑ ካሽም ያው ቁልፍ ስላለባቸው አብረው ይጽዱ።

ዶከርፋይሉን ከላይ በተገለጸው መንገድ ካስተካከላችሁ በኋላ፣ ኢሜጁ ወደ ሬጂስትሪ ከመላኩ በፊት እንደ ትሪቪ ወይም ትራፍልሆግ ያለ ፈታሽ በግንባታ መስመሩ ላይ ይግባ፤ ሁለቱም የኢሜጅ ንብርብሮችን ፈትተው ቁልፍ የሚመስሉ ነገሮችን ይፈልጋሉ። አንድ ነገር ባገኘ ጊዜ መስመሩን እንዲያስቆም አድርጋችሁ አስተካክሉት፤ ፈታሹ ሪፖርት ብቻ የሚጽፍ ከሆነ ሪፖርቱ ሳይነበብ ኢሜጁ ይወጣል።